ከበሩ በላይ ያለችው ወፍ

ቁጭ በሉና ይቺን ስሙኝ። መሃል ላይ ብቻ አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ እናደዳለሁ፣ ስናደድ ደግሞ ግማሹ ይጠፋኛል።

ባለፈው ወር አለቃዬ ካራንቲና ካለው ወርክሾፓችን አስነስቶ ቨርደን፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ላከኝ። «አሮጌ የግድግዳ ወረቀት አለ፤ ልጠህ አውጣና ግድግዳውን ለቀለም አዘጋጅ» አለኝ። እንጀራዬ ነው፤ ወረቀት እሰቅላለሁ፣ ወረቀት እልጣለሁ። ሕንፃው በር ላይ ስደርስ የማውቀው መሰለኝ፤ የቨርደን ሕንፃ ሁሉ ይመሳሰላል ብዬ አለፍኩት። ገባሁ። የምግብ ክፍሉ ዕቃ ወጥቷል፣ መብራት የለም፣ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። ባልዲዬን ሞልቼ ስፖንጁን ነከርኩና ግድግዳውን አራስኩት።

ሽታው መጣ። የአሮጌ ኮላ ሽታ የማታውቁ ካላችሁ፣ ያደረ የሩዝ ውሃ ላይ አንድ እፍኝ አቧራ በትኑበትና አሽትቱት፤ እሱ ነው። ላስቲኩን ከመስኮቱ ገፍቼ ብርሃን ሳስገባ ወፎቹ ብቅ አሉብኝ። አረንጓዴ ወፎች፣ ሮማን ፍሬ ያንዠረገገ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጡ፣ አራቱም ግድግዳ ላይ። መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ። ቆጥሬያቸዋለሁ እኮ! ስምንት ዓመቴ ነበር።

እናቴ ዘነበች ትባላለች። ማዳሟ ግን ሙሉውን መጥራት ምላሷን ስለሚያደክማት «ዚና» አለቻት። እናቴ እዚያው ቨርደን፣ ከኩሽናው አጠገብ ባለች አልጋና አምፖል ብቻ በምትይዝ ክፍል ታድር ነበር። እኔ ደግሞ ቡርጅ ሐሙድ፣ የሠራተኞቹ ሰፈር፣ ቤቲ ጋ። ቤቲ የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ፀጉር ትሠራለች፣ እሑድ ደግሞ በተከራዩት አዳራሽ መዝሙር ታስመራለች። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። እሑድ በመጣች ቁጥር ቤቲ «እንዴት ናችሁ ቅዱሳን» ትላታለች፤ እናቴም «ጩኸታችሁን ሳልሰማ ከርሜ ደህና ነኝ» ትላለች። ከዚያ አንድ ሳህን ላይ ይበላሉ። አባቴን አትጠይቁኝ።

ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሄደን ጠይቀን ነበር። የምዝገባው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ እናቴን ሳታያት «የከፊልሽ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ አምጪ» አለቻት። ከፊል ማለት ያኒ ያስመጣሽ ሰው፣ መኖሪያ ፈቃድሽ በስሙ የተንጠለጠለ ሰው ነው። የኛ ከፊል ማዳም ነበረች። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አንዲት ፊርማ ሆነ። የማዳም ፊርማ። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር።

አሁን የማዳምን ቤት ልንገራችሁ። እዚያ ቤት ቤጅ ያልሆነ ነገር ሎሚ ብቻ ነበር። ግድግዳው ቤጅ፣ ሶፋው ቤጅ፣ ምንጣፉ ቤጅ፣ ውሻዋ ራሱ ቤጅ! ሀብታም ናት፣ ግን ቀለም ትፈራለች። አንድ ቀን የሆነች ዘመዷ ቤት ግብዣ ሄዳ ቅናት ይዟት ተመለሰችና የዲኮር ሴትዮ አስጠራች። ሴትዮዋን ማድሞዋዜል ነበር የምንላት። እሷ ለሰው ቤት አበባና ወፍ ትመርጣለች፣ ራሷ ግን ሁልጊዜ ጥቁር በጥቁር ነው የምትለብሰው። ማድሞዋዜል ወፎቹን ከውጭ አስመጣች። ጥቅልሉ ምግብ ክፍሉ ውስጥ ሲዘረጋ ማዳም ወደ ኋላ አለች።

ያን ቀን እናቴ ለማዳም ልታሳየኝ ይዛኝ መጥታ ነበር። እኔ ኩሽና፣ የበሩ ክፍተት ላይ ዓይኔን ለጥፌ።

«ይሄማ በዛ» አለች ማዳም። «አንድ ግድግዳ ብቻ እናድርገው። ከቡፌው ጀርባ። ትንሽዬ።»

ማድሞዋዜል ጥቅልሉን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። ደንበኛ ነቻ፣ ምን ትበላት። እናቴ የውሃ ብርጭቆ በትሪ ይዛ ቆማለች።

«ማዳም፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ካለበስሽው ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ነው የሚመስለው። አራቱንም አልብሺው።»

ማዳም ዞረች። «ዚና! ዲኮር መቼ ነው የተማርሽው? ሽንኩርት ስትልጪ?»

«አባቴ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ። ጥለት ሲጥል እግሩ ሥር ነው ያደግኩት።»

«ዓይን አያደክምም ይሄ ሁሉ?»

«ዓይን የሚደክመው ማረፊያ ሲያጣ ነው። ጣሪያውን ነጭ ተዪው፣ ወለሉን እንዳለ ተዪው፤ ዓይን እዚያ ያርፋል። ግድግዳውን ግን አትፍሪው። ፈርተሽ በትንሹ ከሠራሽው ፍርሃትሽ ነው የሚታየው።»

ማድሞዋዜል መነጽሯን አውልቃ እናቴን አየቻት። «እውነቷን ነው» አለች በፈረንሳይኛ፤ ያቺን ቃል ከቴሌቪዥን አውቃት ነበር።

ማዳም ሳቀች። ሳቋ ግን አልተመቸኝም። «እሺ። እኔ ለበጋው ወደ ተራራው ቤት እወጣለሁ። አንቺ ሠራተኞቹን ትጠብቂያለሽ። ሲያልቅ ካስጠላኝ ራስሽ ትልጪዋለሽ፣ በጥፍርሽ።»

«ካማረስ?» አለች እናቴ።

«ካማረ ምን?»

«ካማረ ለልጄ ትፈርሚልኛለሽ። ለትምህርት ቤት።»

ውሻው እንኳን ቀና አለ። ማዳም ወደ ማድሞዋዜል አየች፤ ምስክር ፊት ነውር ሆነባት መሰለኝ። «እፈርማለሁ» አለች። «ወላሂ እፈርማለሁ። ልጁም ከፈለገ እዚህ ይክረም፤ በልኮን ላይ ግን አይውጣ፣ ጎረቤት እንዳያየው።»

እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያስገቡኝ ወፎቹ ናቸው።

ወረቀት ሰቃዩ መዓሌም ሃጎፕ ይባላል፤ የቡርጅ ሐሙድ ሰው፣ አርመን፣ ሽማግሌ። መዓሌም ያኒ የሥራው ጌታ። ዐረብኛ ሲያወራ ወንድና ሴት ይደባልቅበታል። እናቴን «አንተ ዚና» ይላታል፣ እኔን «ነይ አንቺ ልጅ» ይለኛል። ዓይኑ የደከመ መስሎኝ ነበር። እውር ሰው እንዴት ወፍ ያጋጥማል ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

መጀመሪያ ቀን ከእናቴ ጋር ተጣሉ። ሃጎፕ ቱምቢውን፣ ክር ጫፍ ላይ ያለ ብረቱን፣ ከመስኮቱ ጥግ ሊጥል ሲል «እዚያ አይደለም» አለችው።

«አርባ ዓመት ከመስኮት ነው የምጀምረው፣ አንተ ዚና።»

«አርባ ዓመት ተሳስተሃል እንግዲህ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የትኛውን ነው? በሩ ፊት ለፊት ያለውን። ከዚያ መሃል ጀምር፣ ግራና ቀኝ እያለበስክ ሂድና በሩ ላይ ጨርስ። ጉድለት ካለ ከሰው ጀርባ ይሁን።»

«የንግሥት ሳባ ልጅ ናት ይሄ ሰውዬ» ብሎ ለኔ አጉረመረመ። ግን ቱምቢውን ይዞ ሄደ። ክሩን ሰማያዊ ጠመኔ ቀብቶ ስቦ ሲለቀው ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለች መስመር ታተመች። ከዚያ በኋላ በክርክር እናቴን አንድ ጊዜም አላሸነፋትም፤ እየተሸነፈ ግን ደስ ይለው ነበር።

ለኔም ሥራ ተሰጠኝ። ሃጎፕ አንዱን ቁራጭ ካንዱ ሲያጋጥም እኔ ወለሉ ላይ ቆሜ ወፎቹን እጠብቃለሁ። ወረቀቱ ሁለት ሲሆን የወፏ ጭንቅላት በአንዱ፣ ጅራቷ በሌላው ይመጣል። ትንሽ ከወጣ «ውረድ!» ትንሽ ከወረደ «ውጣ!» እላለሁ። ሃጎፕ «እሺ ኮማንዳን» ይላል፣ በብሩሹ ኮላ አፍንጫዬ ላይ እየቀባ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ኮላው ይሸታል፣ ከታች መንገድ ላይ ሰርቪሶቹ፣ የጋራ ታክሲዎቹ፣ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ እኔ ግን ጨነቀኝ እንጂ አልሳቅኩም። አንዲት ወፍ ጭንቅላቷ ከተሰበረ ትምህርት ቤት የለም። እንደዚያ ነበር የማስበው። ቀን ቀን፣ ሃጎፕ ምሳ ሲበላ፣ ወንበር እያስጠጋሁ መጋጠሚያውን ሁሉ በጣቴ እዳስሳለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት መጋረጃና ወንበር መጣ። ማድሞዋዜል ለመጋረጃው ልሙጥ ቤጅ ይዛ መጣች፤ ማዳምን ፈርታ ነው። እናቴ ጨርቁን ነካችና መለሰችላት።

«ትልቅ ጥለት አለን፣ ወፉ። አሁን መካከለኛና ትንሽ ያስፈልገናል። ሁሉም ትልቅ ከሆነ ይጣላሉ። ሁሉም ትንሽ ከሆነ ያንቀላፋሉ።»

«ያኒ ምን ይሁን?»

«መጋረጃው ባለ መስመር፣ ሰፊ ሰፊ። ወንበሩ ዳማ ዳማ፣ ደቃቅ። ቀለሙን ግን ከዚህ» አለች፤ የሮማኑን ፍሬ በጣቷ ጠቆመች። «ይቺ ቀይ መጋረጃው ላይም ትገኝ፣ ወንበሩ ላይም ትገኝ። ያኔ ሦስቱ ዘመዳሞች ይሆናሉ። ዘመድ መልኩ ባይመሳሰልም አንድ ነገሩ ይመሳሰላል አይደል?»

ማድሞዋዜል ትንሽዬ ደብተር አውጥታ ጻፈች። አየኋት። እናቴ ስታወራ ጻፈች! እኔ ጅል፣ ማዳም የምትፈርምበትን ደብዳቤ እየጻፈችልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ቀን መጣ። ሃጎፕ ከግራም ከቀኝም አልብሶ አልብሶ በሩ ላይ ደረሰ። ከበሩ በላይ ያለችው ቁራጭ ቦታ ላይ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ጥለቱ አልገጠመም። በዚህ በኩል የወፍ ጅራት፣ በዚያ በኩል የሮማን ቅጠል። ጭንቅላት የለም።

«ውጣ!» አልኩ። «ውረድ! ውጣ!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሐቢቢ» አለ ሃጎፕ ከመሰላሉ ላይ። «ክፍል ክብ ነው፣ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምም። በዓለም ላይ ያለ ክፍል ሁሉ አንድ እንደዚህ ያለ ቦታ አለው። ስለዚህ ነው በሩ ላይ የምንደብቀው። ማንም ቀና ብሎ አያይም።»

እኔ አለቀስኩ። ግን ተራ ለቅሶ አይደለም፣ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ነው። እናቴ ከኩሽና እጇን እየጠረገች ሮጠች።

«ምን ሆንክ ናቲዬ? ወደቅክ?»

«ጭንቅላቷ የለም! ማዳም አትፈርምም!»

መጀመሪያ አልገባትም። ሃጎፕ ወደ ላይ ጠቆማት። ቀና ብላ አየች። «አባቴ ቢሆን» አለች፣ «የነጠላው ሁለት ጫፍ እኩል ካልመጣ ሙሉውን ፈትቶ እንደገና ይሠራው ነበር።»

«አባትህ ወረቀት አልሰቀለም፣ ዚና። ይሄ አይፈታም።»

«እኔም አልፈታም። መሰላሉን ልቀቅልኝ።»

ከተራረፈው ወረቀት ላይ አንዲት ሙሉ ወፍ መረጠች። የሃጎፕን መቀስ አልፈለገችም፤ የራሷን የጥፍር መቀስ አምጥታ ላባ በላባ፣ ምንቃር፣ ጥፍር፣ ሁሉንም ቆረጠቻት። ወጥታ ኮላ ቀባችና መጋጠሚያው ላይ ለጠፈቻት። ቀጥ አድርጋ ግን አልነበረም፤ ቦታው ስለሚጠብ አዘንብላ ነው። ሌሎቹ ወፎች ሁሉ ወደ ቀኝ ያያሉ። ይቺ ብቻ ወደ ታች፣ የሚገባውን ሰው ታያለች።

ሃጎፕ ራሱን ያዘ። «ሁሉም ይገባዋል አሁን! መደበቅ ነበረብህ፣ አንተ ግን አሳየኸው!»

«አሳየሁት። ከደበቅኩት ስህተት ነው። ካሳየሁት የኔ ነው።»

ከዚያ አልወረደችም። የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና ከጥለቱ አንድ ቀይ ክር መዘዘች። የወፏ እግር ላይ ዞር አድርጋ በኮላ አጣበቀቻት። ስትወርድ «ምንድነው እሱ?» አልኳት።

«አያትህ ሥራ ጨርሶ ከመሸጡ በፊት ጫፉ ላይ አንድ ቀይ ክር ይተው ነበር። መጻፍ አይችልም። የኔ ነው ለማለት ነው።»

ሃጎፕ መሰላሉን አጠፈ። ከዚያ ኪሱን ዳስሶ ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳሱን አወጣና ሰጠኝ። «ለትምህርት ቤትሽ» አለኝ።

ማዳም ከተራራው ወረደች። በሩ ላይ ቆመች። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ዱብ ሲል ሰማሁ። እኔ እናቴ ክፍል ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እጠብቃለሁ። ከዚያ «ያ አላህ» አለች ቀስ ብላ። «ያ አላህ፣ እንዴት ያምራል!»

እናቴ ወደ ኩሽና ስትመለስ ፊቷ አልተለወጠም፤ እጇ ግን ጨው አስቀምጦ ጨው ይፈልግ ነበር።

እሑድ ምሳ ማዳም እናቴን ከእረፍቷ አስቀርታ እንግዶች ጠራች። እናቴ ሳህን ታመላልሳለች፣ እኔ ያቺው ክፍል ነኝ። ሁሉም ይጮሃል። መጋረጃው! ወንበሩ! ወፎቹ! አንዲት ሴትዮ «ማን ነው የደፈረው? እኔ ብሆን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር የማደርገው» አለች።

«እኔው ራሴ ነኛ» አለች ማዳም። «ማድሞዋዜል እንኳን ፈርታ ነበር። እኔ ነኝ አራቱንም ያልኩት። ጥለት ድፍረት ይፈልጋል።»

ድፍረት! ከእናቴ አፍ የወጣውን ምክር ከሰላጣው ጋር አኝካ በላችው። ማድሞዋዜልም ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ሳቀች። ሰላጣ አቀብሉኝ አለች።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ ለማዳም በትሪ በለስ አቀረበችላት። ከሳህኑ አጠገብ ደብዳቤውን፣ ከደብዳቤው አጠገብ እስክሪብቶ።

«ቡክራ፣ ዚና። ዛሬ ደክሞኛል።»

በማግሥቱም ቡክራ፣ ያኒ ነገ። በማግሥቱ ማግሥትም። እኔ ችግሩ እስክሪብቶው ነው ብዬ አሰብኩ። ርካሽ ነው፣ ሀብታም በርካሽ እስክሪብቶ አይፈርምም። ከቤቲ ሳሎን ወርቃማ ክዳን ያለው አስመጣሁ። እሱም አልሠራም። በመጨረሻ የሃጎፕን እርሳስ ራሴ ቀርጬ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት፤ እናቴ አይታ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አላነሳችውም።

ያን ቀን ማዳም እርሳሱን አየችና በረጅሙ ተነፈሰች። «ዚና፣ የኔ ቆንጆ፣ ተረጂኝ። ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ ቢታይ ሰው ምን ይላል? የሠራተኛ ልጅ፣ በኔ ስም? ይጠይቁኛል እኮ። አልችልም።»

«ምለሽልኝ ነበር።»

«ስቄ ነው ያልኩት።»

እናቴ ትሪውን አነሳች። ፈገግ አለችና በአማርኛ «ፈሪ» አለቻት።

«ምን ማለት ነው?»

«መርሲ ማለት ነው፣ ማዳም።»

ያን ሳምንት ምዝገባው ተዘጋ። እናቴ በቀጣዩ እሑድ ቡርጅ ሐሙድ ስትመጣ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ሃጎፕ በመኪናው አድርሷት ነው፣ የተረፈውን ጥቅልል ሁሉ ጭነው። የወፉን፣ የመጋረጃውን ባለ መስመር ጨርቅ፣ ከሌላ ቤት የተረፈ አበባ፣ ከሌላ ቤት የተረፈ ኮከብ። ቤቲ በሩ ላይ ቆማ «እንዴ! ይሄ ሁሉ በዚች ክፍል? እንፈነዳለን እኮ!» አለች።

«አንቺ በስምንት ሰው መዝሙር ሕንፃ ታናውጪ የለ? ዝም ብለሽ ኮላ በጥብጪ።»

ወፉን አልጋው ጀርባ፣ መስመሩን በር በኩል፣ አበባውን ምድጃው ጎን፣ ኮከቡን ጣሪያው ላይ። በሁሉም ውስጥ ያቺ ቀይ አለች፤ የአልጋ ልብሱም ቀይ ሆነ። ማታ ላይ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ከቨርደኑ ክፍል ይበልጥ ነበር፤ ይሄን የምለው ልጅዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሙያተኛ ስለሆንኩ ነው። የተረፈው ቁራጭ ጀርባው ነጭ ነበር። ቤቲ ሀ ሁን እዚያ ላይ ጻፈችልኝ፤ እኔ ደግሞ በሃጎፕ እርሳስ ገለበጥኩ። የተማርኩት ትምህርት ይኸው ነው። ሀ ሁ በወፍ ጀርባ።

እና ባለፈው ወር መሰላል ላይ ተቀምጬ ቀና ስል፣ ከበሩ በላይ፣ ያቺ ወፍ። አዘንብላ ወደ ታች ታየኛለች። ወጣሁና በጣቴ ዳሰስኳት። ስልኬን አወጣሁ።

«እማ፣ ወፏ አለች።»

የት እንዳለሁ አልጠየቀችኝም። «ክሩስ?»

«ክሩም አለ።»

«ቀለሙ ለቋል?»

«አልለቀቀም።»

«ድሮም አይለቅም» አለችና ዘጋችው። ሥራ ላይ ነበረች።

ልክ ያኔ ማዳም ገባች። አርጅታለች። ቤጅ ለብሳለች። አላወቀችኝም፤ እንዴት ታውቀኝ፣ በበር ክፍተት ነበርኩ እኮ። «ቀስ ብለህ ላጠው» አለችኝ፣ «አንድ ቁራጭ ለማስታወሻ እፈልጋለሁ። ይሄን ክፍል ስንት ሰው እንዳደነቀው! እኔው ነኝ የመረጥኩት።»

«ይቺን ወፍስ ማን ሰቀላት?» አልኳት፣ ወደ በሩ እየጠቆምኩ።

ቀና አለች። ያን ሁሉ ዓመት በበሩ ገብታ ወጥታ፣ መጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እንጃ» አለች። «አላየኋትም።»

አራቱንም ግድግዳ ላጥኩ። ያቺን ወፍ አልነካሁም። ባዶው ግድግዳ ላይ ብቻዋን ትታያት ብዬ ትቼያት ወጣሁ፤ አለቃዬ ይቆጣ፣ ምን አባቱ።

አሁን እናንተን ነው የምጠይቀው። አንቺ የምዝገባው መስኮት ላይ ተቀምጠሽ ያላየሽን። አንቺ ጥቁር ለባሽ ማድሞዋዜል፣ ቃሏን በደብተር ጽፈሽ ስሟን ያልጻፍሽ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቺ፣ ማዳም። መጻፍ የማይችል ሸማኔ ልጅ በአንድ ክር ግድግዳሽ ላይ ፈርማለች፣ እስከ ዛሬም ቀለሙ አልለቀቀም። ያንቺ ፊርማስ የታለ?